ከእንግዳ ፊት የማይነሣ ሥጋ

ሐርጌሳ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1996

ለወንድሜ ልጅ ለሳመተር ሮብሌ፤

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ እንዳይፈስ አጥብቄ ቋጥሬዋለሁ፤ ስትፈታው ቀስ በል። አላህ ከዚያ አገር ብርድና ከራስህ ስንፍና ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ዒጌም ደህና ነው፤ ማለቴ እንደ ወትሮው ነው።

የላክኸው ፍሪዘር በርበራ ወደብ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ከተጉላላ በኋላ በሰላም ቤታችን ገብቷል። ከጭነት መኪናው ሲወርድ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዲት ጎረቤት ርዝመቱን አይታ ሬሳ መሰላትና ማልቀስ ጀመረች። ዒጌ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ በዚህ ቤት የሞተ የለም። ይሄ ብርድ ነው። ከውጭ የመጣ ብርድ» ብሎ አጽናናት። ሴትየዋ ግን አንዴ ጀምራለችና ሳትጨርስ አልሄደችም።

ወጥ ቤት ከጭስ ጋር ማስቀመጡ ለክብሩ ስላልመጠነ፣ እንግዳ በሚያድርበት ክፍል ከአልጋው ትይዩ አኑረነዋል። ዳንቴልም አልብሰነዋል። የሰፈሩ ጄኔሬተር ሲነሣ ትንሽ ይንቀጠቀጥና እንደ ጡረተኛ ሲያጉረመርም ያመሻል። ዒጌ በቀን አሥር ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ ፊቱን ያስገባል። ምን ትፈልጋለህ ስለው «እየተቆጣጠርኩ ነው» ይለኛል።

ልጄ፣ እናትህ ካረፈች በኋላ እጄ ላይ ስታድግ ይህን አስቤ አላሳደግኩህም። ቢሆንም ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ስምህን ጠርቼ እመርቅሃለሁ። በዚህ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው የምከፍተው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። የልጄ የሰገል ሠርግ ለዲሴምበር 26 ተቆርጧል። ሙሽራው ቡልሃን ጥሩ ልጅ ነው፤ ጉድለቱ እናት ያለችው መሆኑ ብቻ ነው። እናቱን ደሃቦን ታስታውሳታለህ፤ ገበያ ስትገባ ወተት ሻጮች ጣሳቸውን የሚከድኑላት፣ ምላሷ ከሚዛን በፊት የሚደርስ። ልጄ የምትኖረው ከእሷ ግቢ ነው። ሴትየዋ ቤታችንን አንዴ ከናቀችው፣ ሰገል ያንን ንቀት በየጠዋቱ ከቁርሷ ጋር ትበላዋለች። እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

በጋው ገብቶ ግመል ሳይከሳ ብለን አንድ ጥጃ ግመል አርደን፣ ሥጋውን በሃያ ሁለት ፌስታል ቋጥረን አስገብተነዋል። ድንጋይ ሆኗል። ከእንግዲህ ሙቅመድ በቃኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥጋ ስዘለዝል፣ በፀሐይ ሳደርቅ፣ በበቆሎ ፍሬ መጠን ስከትፍ፣ በቅቤ ሳንተከትክ ትከሻዬ ወልቋል። ሰገል ይህን ስትሰማ «እማ፣ ከሠርጉ በኋላ በሰባተኛው ቀን የሚከፈተውን ሙዳይ ታዲያ በምን ልትሞዪው ነው? እነቡልሃን ያንን ሁሉ ገመድ ፈትተው ሲከፍቱት ሙቅመድ ካላገኙ ምን ይሉናል?» አለችኝ። «ከገበያ እንገዛለን» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷ የሟች አያቷ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ «ይቺን ታህል ውኃ አብርጂልኝ» እያለ ይመጣል። አሁን ውስጡ የእኛ ግመል፣ የሦስት ቤት ውኃና የቁርአን አስተማሪው የዓይን ጠብታ አለ። ለክዳኑ የሚሆን ቁልፍ ፈልገህ ላክልኝ።

አክስትህ ሚልጎ ዲሪዬ


ትሮምሶ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1996

ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ሚልጎ ዲሪዬ፤

ይህ ሰላምታ የተጻፈው ፀሐይ ልትሰናበት በተዘጋጀችበት አገር ስለሆነ፣ ሲደርስዎ ከማንበብዎ በፊት ደጅ ላይ ትንሽ ያሙቁት። አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ። ለአጎቴ ለዒጌ፣ ክዳኑ ሲከፈት ብርዱ እንደሚወጣና ጭንቅላት ሲገባ ጭራሽ እንደሚሸሽ በትሕትና ይንገሩልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሳቀዘቅዝ እውላለሁ። ዓሣው ወደ ሞቀ አገር ይሄዳል፤ እኔ እዚሁ እቀራለሁ። ከሥራ ቦታችን ግድግዳ ላይ ሕግ ተለጥፏል፤ ያለቃችን እጅ ጽሑፍ ነው። የቀዘቀዘ ነገር ከብርዱ ወጥቶ እንዳያድር፣ ከቀለጠም ጥሬውን እንዳይመለስ ይላል። እዚህ አገር ሰው ሕጉን የሚያከብረው እንደ ሶላት ነው፤ እርስዎም ያክብሩልኝ።

አሁን ደፍሬ ልናገር። ሙቅመድ በቃኝ ያሉትን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ፣ እንደገና ተቀምጬ፣ እንደገና አነበብኩት። ፍሪዘሩን የላክሁት እጅዎ እንዲያርፍ ነው፤ ይህን ያህል እንዲያርፍ ግን አልነበረም። ለአራት ዓመት ያህል ዓሣ ብቻ በልቻለሁ። አንድ ሰው ወደዚህ ሲመጣ አንዲት የዱቄት ወተት ጣሳ ሙቅመድ ሊልኩልኝ ይችላሉ ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። ጉሮሮዬን ብዬ ትከሻዎን ማድከሜ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አውቄም ጻፍኩት።

ቁልፍ የሚሸጥ አላገኘሁም። እዚህ ፍሪዘር የሚቆልፍ ሰው የለም፤ እንግዳ ስለማይመጣ።

የወንድምዎ ልጅ ሳመተር


ሐርጌሳ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1996፣ ጠዋት

ለልጄ ለሳመተር፤

ሰላምታዬ በጥድፊያ የተጻፈ ቢሆንም ከልብ ነው። ደብዳቤህ እስካሁን አልደረሰኝም። ይህን የሚወስደው ሰው ዛሬ ወደ ጅቡቲ ስለሚነሣ ነው ብድግ ብዬ የምጽፍልህ። እኛ ደህና ነን። ፍሪዘሩም ደህና ነው። ሁላችንም በጣም ደህና ነን።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ስሟን መጥቀስ አያስፈልግም፤ የተከበረች ናት፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ይህች ሴት የቀዘቀዘ ሥጋዋ ሌሊቱን ውጭ አድሮባት ቀልጧል። መብራት ጠፍቶባት መሰለኝ። የግመል ሥጋ ነው፤ ወይ የበሬ ይሆናል፤ አጥብቄ አልጠየቅኳትም። ሃያ ሁለት ፌስታል ነው ያለችኝ። ከላይ ለስልሷል፤ አንዳንዱ ግን ሲጫኑት ውስጡ ገና ጠንካራ ነው። የእኛ አገር የዲሴምበር ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቃለህ።

ሴትየዋ ልጇን ልትድር ሃያ አምስት ቀን ቀርቷታል። ትጣለው? ትመልሰው? አንተ የብርድ ነገር የምታውቅ ሰው ስለሆንክ ቶሎ ጻፍልኝ። ነገ ጠዋት መልሱን ብታገኝ ትወዳለች።

አክስትህ ሚልጎ

ይድረስ እንደገና። ተጓዡ መኪናው እስከ ቀትር ስለዘገየበት ይህን ጨመርኩ። የቁልፉን ነገር ተወው። ይልቅ ጥሩ የሥጋ ቢላዋ ላክልኝ። ሁለት ቢሆን ይሻላል።


ትሮምሶ፣ ዲሴምበር 30 ቀን 1996

ለተከበሩት አክስቴ፤

ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ ለዚያች ለማላውቃት ጡረተኛ አስተማሪ ደግሞ ልዩ አክብሮቴን አቀርባለሁ። በጭንቀቷ ጊዜ ከጎኗ የቆመች እንደ እርስዎ ያለች ወዳጅ በማግኘቷ ዕድለኛ ናት። ይህን ያህል ቅርብ ወዳጅ አይቼ አላውቅም።

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሥጋው ከተጠየቀው «ነገ ጠዋት» አራት ሳምንት እንዳለፈው ይገባኛል። ቢሆንም ተጠይቄ ዝም ማለት ስለማልችል ይህን ይንገሩልኝ። ልቡ ገና በረዶ የሆነው፣ ሲነኩት እንደ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዘቅዘው ይተርፋል፤ ግን ሳይውል ሳያድር መሠራት አለበት። ለስልሶ ለብ ያለው፣ በተለይ ጉበትና የተፈጨ ሥጋ፣ ይጣል። በአፍንጫ መፍረድ አይቻልም፤ ክፉው ነገር ሳይሸትም ይገባል። ጥሬውን መልሶ ማቀዝቀዝ የለም። ከበሰለ በኋላ ግን ፍሪዘሩ ይቀበለዋል። የግድግዳው ሕግ ይኸው ነው። አለቃችንን «አንዲት የማውቃት ሴት» ብዬ ጠየቅኳትና «ያንተ አክስት ናት?» አለችኝ። ፈረንጅ እንዲህ ነው፤ ጨዋነት አያውቅም።

ለሴትየዋ አንድ ነገር ይጨምሩልኝ። ምናልባት ፍሪዘሩን የላከላት ዘመድ ውጭ አገር ይኖር ይሆናል። ምናልባትም ሥጋው ቢጣል ያ ዘመድ ቅር እንዳይለው ሰግታ ይሆናል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ግመሉ ሁሉ ገደል ቢገባ ግድ አይሰጠኝም ነበር። የላክሁት ዕቃ አክስቴን ማታ ማታ እንቅልፍ ከነሣት ግን እሱ ያስቆጨኛል።

ሁለት ቢላዋ ልኬአለሁ፤ የዓሣ ቢላዋ ነው፤ ግመል መሆኑን አይጠይቅም። ለምን ሁለት እንዳስፈለገ ግን እስካሁን እያሰብኩ ነው። የሙቅመዱን ጣሳ ይርሱት። አልጠየቅኩም።

ሳመተር


ሐርጌሳ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1997

ለልጄ ለሳመተር፤

ጾሙን በሰላም ፈትተን፣ ዒዱን በልተን፣ በጠገበ ሆድና በቀላል ልብ ሰላም እልሃለሁ። ያ በማግስቱ ጠዋት የጠበቅነው መልስህ በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ደርሶናል። ዒጌ ተቀብሎ ጮክ ብሎ ካነበበው በኋላ «ሥጋው ራሱ ቶሎ ይደርስ ነበር» አለ። ሴትየዋ እኔ ነኝ። መብራትም አልጠፋም። በዓመቱ ውስጥ መብራት ያልጠፋበት ሌሊት ያ አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ፍሪዘሩ ሲያጉረመርም ነው ያደረው፣ ባዶውን።

የሆነውን ልንገርህ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሃቦ ሳትናገር መጣች። ከፍሪዘሩ ጎን ተቀመጠችና በጣቷ ቀለበት ክዳኑን ኳ ኳ አደረገችው።

«ሚልጎ፣ እዚህ ውስጥ ግመል አለ ይላሉ።»

«አለ።»

«እስቲ።» ከፈትኩላት። አጎንብሳ አየች። «እኔ የማየው በረዶ ነው። ልጄ የሚያገባው ከበረዶ ነጋዴ ቤት ነው እንዴ?»

እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፤ አስተማሪ ነኝ፤ ካላሳየሁ ያስረዳሁ አይመስለኝም። ሃያ ሁለቱንም ፌስታል አንድ በአንድ አውጥቼ ምንጣፉ ዳር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። «ይሄ ጭኑ። ይሄ ሻኛው። ይሄ ጉበቱ» እያልኩ። ደሃቦ አንዱን በቀለበቷ መታ መታ አድርጋ «ይሁን» አለች። ከእሷ አፍ «ይሁን» መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ደስ ብሎኝ ሻይ አስመጣሁ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሻይ መጣ፤ ወሬ መጣ፤ ሥጋው እንደተዘረጋ ነው። ከእንግዳ ፊት ምግብ አንሥቶ መክደን «ነይ ውጪልኝ» ማለት እንደሆነ አንተም አልረሳኸውም። ስትሄድ እመልሰዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አልሄደችም። መሸ። «እግሬ አብጧል» አለች። ሰገል፣ ጨዋ አድርጌ ያሳደግኳት ልጄ፣ «እዚሁ ይደሩ እንጂ፣ እናቴ» አለቻት። ያን ጊዜ ልጅ በማሳደጌ ተጸጸትኩ። እንግዳ የሚያድረው ደግሞ ፍሪዘሩ ባለበት ክፍል ነው። በሩ ተዘጋ። እሷም ውስጥ፣ ሥጋውም ውስጥ።

ዒጌን ቀሰቀስኩት። «ገብተህ መልሰው» አልኩት።

«እኔ? ሴት የተኛችበት ክፍል በሌሊት? ሠርጉን ትተሽ ለሽማግሌ ተዘጋጂ።»

«እኔ ብገባ ምግብ ደበቀችብኝ ትለኛለች።»

«እንግዲያው ሁላችንም እንተኛ» አለና እሱ ተኛ። እኔ ከበሩ ውጭ ቁጭ ብዬ ውኃው ከጠረጴዛው ሲንጠባጠብ ስሰማ አደርኩ። ጠብ ባለ ቁጥር ሰገል ከእነደሃቦ ግቢ ቁርስ ስትበላ ይታየኝ ነበር።

ጠዋት ገባሁ። ውኃው ምንጣፉን አርሶ የደሃቦን ጫማ ይዞ ወደ በሩ እየሄደ ነው።

«እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«ደህና። ክፍሉ ቀዝቀዝ ያለ ነው።»

«አዎ፣ ነፋሻ ነው።»

የሥጋ ስም አልተነሣም። ወጥቼ ያንን ደብዳቤ ጻፍኩልህ። ስመለስ ደሃቦ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ፌስታሎቹን ከጠረጴዛው አውርዳ፣ በመካከላቸው ቁጢጥ ብላ፣ እያንዳንዱን ፌስታል በአውራ ጣቷ ትጫናለች። «ይሄ ልቡ በረዶ ነው። ይሄም። ይሄ ሞቷል። ይሄ ሞቷል።» ጉበቱንና የተፈጨውን፣ አምስት ፌስታል፣ ለብቻ ገፋችው።

«ጉበቱ እኮ አይሸትም» አልኳት።

«እስኪሸት ልትጠብቂ ነው? ለልጄ አጎቶች ልታበዪው ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝና ጫማዬን ፈልጌ ልሂድ።»

ዒጌን ጠራሁት። አምስቱን ዒጌ ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ ፊቱን ብታየው ዘመድ የቀበረ ይመስል ነበር። አሥራ ሰባት ቀረ። ደሃቦ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ቢላዋ አምጪ።»

አየህ፣ ሁለት ቢላዋ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ያለን ሁለት ቢላዋ አንዱ ደንዝዟል፣ አንዱ እጀታ የለውም። በሠላሳ ዓመት ያልደከመች ሴት ይመስል እንደገና ሥጋ ዘልዛይ ሆንኩ። እየቆረጥን ሳለ ዓይኗን ከሥጋው ሳታነሣ ጠየቀችኝ።

«ሌሊት ከበሩ ውጭ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። ትሰሚኝ ነበር?»

«ስታቃስቺ ሰምቻለሁ። እኔም ጠብ ጠብ ሲል ሳዳምጥ ነው ያደርኩት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«በሰው ቤት ተኝቼ ‹ሥጋሽን አንሺ› ልበል? ርቧት እንቅልፍ አጣች ልታሰኚኝ? አንቺስ ምነው አልገባሽም?»

«አባረረችኝ ብትዪስ?»

ቢላዋዋን አስቀመጠችና ሳቀች። ደሃቦ ስትስቅ የሰማ ሰው በሐርጌሳ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ሳቋ እንደ ሳል ነው። ሁለታችንም ጨዋ ነን፣ ልጄ፤ ጨዋነታችን አምስት ፌስታል ሥጋ በላ።

አራት ቀን ሠራን። በየጠዋቱ ራሷ መጣች። ሥጋውን ጨው ነስንሰን ከግቢው በተወጠረ ገመድ ላይ ሰቀልነው። ዒጌ ጃንጥላ ይዞ ጭልፊት ሲጠብቅ ዋለ፤ አንድ ጊዜ ጭልፊቷ ጃንጥላውን ወሰደችው። ሲደርቅ ከተፍነው። በአከታተፉ ተጣላን፤ እሷ ከእኔ ግማሽ አሳንሳ ነው የምትከትፈው። ከዚያ በቅቤ ጠበስነው፤ ውኃው አልቆ ቅቤው ዝም እስኪል። ሄልና ቴምር ገባበት። የግድግዳህ ሕግ ከሚለው አንድም አልጎደለ፤ ጉበቱን ከቆጠርክ እሷ ናት ያዳነችን።

የሙሽራው እናት የሙሽሪትን ቤት ሙዳይ ስትሞላ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ማንም እንዳይሰማ ተማማልን። አሁን አንተ ሰምተሃል፤ ሩቅ ስለሆንክ አልቆጠርኩህም።

ለሠርጉ ምሳ የዒጌ ወንድሞች ፍየል ነድተው መጡ። ፍየል በእግሩ ስለሚመጣ አይቀልጥም። በሰባተኛው ቀን ሙዳዩ እንደ ሙሽራ ለብሶ ቀረበ። የቡልሃን አጎቶች የገመዱን ጫፍ ሲፈልጉ አንድ ሰዓት ዋሉ። የእኛ ሴቶች እየዘፈኑ ሰደቧቸው። አንደኛው በጥርሱ ሲሞክር ተይዞ በግ ተቀጣ። በመጨረሻ ተከፈተና እንደ ልማዱ ለሙሽራው እናት መጀመሪያ ቀረበላት። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሁሉም የሷን ምላስ ያውቃሉ። የሰገል እጅ እጄ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር።

ደሃቦ በማንኪያ አነሣች። አላመጠች። ደግሞ አላመጠች። ቆይታም «የዚህ ሥጋ አከታተፍ የባለሙያ እጅ ነው» አለች። «እኔ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ይህችን ልጅ ከዚህ ቤት ስወስድ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው።»

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለችና «ያንቺዎቹ ትንሽ ተልቀዋል» አለችኝ።

ልጄ፣ አንተን የማመሰግንበት ቃል አጥቻለሁ። ፍሪዘሩ ባይመጣ ሥጋ አላወጣም ነበር፤ ባላወጣው አይቀልጥም ነበር፤ ባይቀልጥ ያቺን ሴት እስከ ዕለተ ሞቴ እንደፈራኋት እኖር ነበር። ምርቃቱን አንተው እንደሚመችህ አድርገህ ውሰድ። ቢላዎቹ ዘግይተው ቢመጡም ደርሰውናል፤ አንዱን ለእሷ ሰጠኋት። ይህን ለሚያመጣልህ ሰው አንድ ጣሳ ሙቅመድ አስይዣለሁ። አልጠየቅኩም ብለሃል፤ እኔም አልላክሁም።

አክስትህ ሚልጎ


ትሮምሶ፣ ማርች 14 ቀን 1997

ለተከበሩት አክስቴ፤

ያልላኩት ጣሳ ደርሶኝ፣ ያልጠየቅኩትን እየበላሁ ይህን ሰላምታ እጽፋለሁ። ከፊሉ ቅቤ ወረቀቱ ላይ ቢታይ ይቅርታ።

በምሳ ሰዓት ሥራ ቦታ ከፈትኩት። ያቺ ሕግ የለጠፈችው አለቃችን መጣችና «በመንገድ ላይ በስንት ዲግሪ ተቀመጠ?» አለችኝ። «በሻንጣ» አልኳት። «ለስንት ጊዜ?» «አንድ ወር።» ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። እንዴት እንደሚሠራ፣ ውኃው እንዴት አልቆ ቅቤው ዝም እንደሚል አስረዳኋት። አንድ እርምጃ ተመለሰች። ከዚያ ማንኪያ ያዘች። ሦስተኛውን ማንኪያ ስታነሣ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩላት፤ ጀርባዋን ሰጠችው።

አክስቴ፣ በአራት ዓመት ውስጥ እዚህ አገር ከሰው ጋር ከአንድ ዕቃ ስበላ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ትከሻዎን አላህ ይባርክ። የወይዘሮ ደሃቦንም ትከሻ።

ስለ እሳቸው ካነሣሁ፣ በቡልሃን እጅ ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ጤንነቴን በአክብሮት ከጠየቁኝ በኋላ እንደ እርስዎ ያለ ፍሪዘር ብልክላቸው ደስ እንደሚላቸው ገልጸዋል። ሰገልን እንዲህ ላከበሩልን ሴት እምቢ ማለት አልችልም። አንድ አሮጌ ግን ጤነኛ አግኝቻለሁ፤ መርከቡ በሜይ ይነሣል። ከመላኬ በፊት ግን የእርስዎን ፈቃድ ፈለግኩ።

ሳመተር


ሐርጌሳ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1997

ለልጄ ለሳመተር፤

ሰላምታዬ ከመርከቡ በፊት እንዲደርስህ ለሚቸኩል ሰው ሰጥቻለሁ። አላህ ያቆይህ። ዒጌ ደህና ነው። ሰገልም ደህና ናት፤ ትንሽ ወፍራለች።

ፍሪዘሩን አትላክላት።

ክፉ ሆኜ እንዳይመስልህ። ሰገል ከሄደች ወዲህ ይህ ቤት ምን ያህል ጸጥ እንዳለ ልነግርህ አልፈልግም ነበር፤ ጻፍኩት እንጂ አልነገርኩህም። ዒጌ ራዲዮ ያዳምጣል። እኔ ዒጌ ራዲዮ ሲያዳምጥ አዳምጣለሁ።

ደሃቦ ግን ሥጋዋን እዚህ አስቀምጣለች። «የእኔ ቤት ብርድ የለውም፣ ያንቺው ውስጥ ይቀመጥልኝ» ብላ ካመጣችው ሦስት ወር ሆነው። በየጠዋቱ ሰገልን አስከትላ ትመጣለች። «ሥጋዬ እንዴት አደረ?» ትላለች፤ ክዳኑን ከፍታ ታያለች፤ ትከድናለች። ከዚያ እስከ ቀትር ትቀመጣለች። የእኔን አከታተፍ ታነውራለች፤ ሰገል ትስቅብናለች። ለአንተ የጻፈችውም ሰው እንዳይታዘባት ነው፤ የራሷ ሳይኖራት በየቀኑ ሰው ቤት መመላለስ ነውር መስሏት።

ሥጋዋ አንዲት ፌስታል ናት። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ቀን አላወጣቻትም፤ እኔም መቼ ነው የምትወስጃት ብዬ አልጠየቅኳትም።

አሮጌውን ፍሪዘር ለሌላ ሰው ስጥልኝ። ለደሃቦ መርከቡ ሞልቷል ብለህ ጻፍላት።

አክስትህ ሚልጎ